የእንግሊዝ ቤት ታሪክ፣ ከመሠረቱ

ልጅ ሳለሁ ዳባት ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ አብልጠው ያናደዱኝ አያ ደምሌ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ ቀላል ነበር። የእናቴ አጎት ናቸው፣ ሸማኔ ናቸው፣ ከዚያም በላይ በሠፈራችን «የእንግሊዝ ቤት» ይባል የነበረው የትንሹ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አንባቢ ነበሩ። ቋሚ ቄስ አልነበረንም። ድሮ ከአዲስ አበባ በዓመት አንዴ ብቅ የሚሉ ቄስ ነበሩ አሉ፤ አብዮቱ ከመጣ ወዲህ እሱም ቀረ። ስለዚህ እሑድ እሑድ መጽሐፍ የሚያነቡት፣ ደወል የሚደውሉት፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የሚደቅኑት አያ ደምሌ ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ የሚያነቡትን በቃላቸው ነበር የሚወጡት፤ መጽሐፉን ግን ገልጠው ይይዙታል፣ ገጹንም በሰዓቱ ይገልጣሉ። የቤቱን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ያኔ ምሽት ላይ፣ ፀሐይ እንደገባች፣ የሠፈሩ ልጆች አያ ደምሌ ሽመና ቤት እንሰበሰብ ነበር። እሳቸው እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ አውጥተው፣ ጢማቸው ላይ የሰፈረውን የጥጥ ብናኝ በመዳፋቸው ጠርገው፣ በጋን ስባሪ ውስጥ ያለውን ፍም በእንጨት ጫፍ ይቆሰቁሱታል። የዳባት ብርድ መቼም የታወቀ ነው፤ ፊታችን በፍሙ ሲለበለብ ጀርባችን ይንቀጠቀጣል። ኩራዝ የሚበራው ሱቅ ውስጥ ጋዝ ሲገኝ ብቻ ነበር። ሳይገኝ ሲቀር የሳቸውን ፊት የምናየው ፍሙ ሲግል ነው። የጽድ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ከጭሱ ጋር የጥሬ ጥጥ ሽታ እየመጣ፣ እንደዚያ ባለ ቦታ የተኮለኮለ ልጅ ደህና ተረት መስማት ይገባው ነበር። በሌላው ቤት ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ይወራል። እኛ ዘንድ የሚወራው ስለ አንዲት በቅሎ ነበር።

ታሪኩ ምንጊዜም አጀማመሩ አንድ ነው። ሙሴ የሚሉት እንግሊዛዊ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ይጓዝ ነበር፤ ሐሳቡ ከደባርቅም አልፎ በየዳ ድረስ መዝለቅ ነው። የተቀመጠባት ዳማ በቅሎ ከማን እንደተገዛች፣ ሻጩ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የግራ ጆሮዋ በምን ምክንያት እንደተቀደደ፣ አንድም ሳይቀር ይነገራል። በቅሎዋ ከዳባት ወጣ ብሎ ካለው ረግረግ ዳር ስትደርስ ተኛች። ተጎተተች፣ ተለመነች፣ ተመታች፤ አልነሣም አለች። ሙሴም ሳይወድ በግዱ ዳባት አደረ፤ ሲነጋ ከከተማው በታች የሚኖሩትን ሸማኔዎች፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች አያቸው። የእኛ ሰዎች ናቸው። ያኔ ባለ እጅ ሁሉ ቡዳ እየተባለ ማንም አብሮት ማዕድ አይቆርስም ነበር፤ ሙሴ ግን አጠገባቸው ቁጭ ብሎ በላ። የጸሎት ቤት እንሥራ ሲሉ ባላባቱ ለማንም የማይረባውን ያንኑ ረግረግ ሰጣቸው። «ያቺ በቅሎ ባትተኛ ኖሮ ከናንተ አንዳችሁም እዚህ አትቀመጡም ነበር» ይሉናል አያ ደምሌ፣ ጣታቸውን በየተራ ወደ እያንዳንዳችን እየቀሰሩ።

ይህ ባልከፋ። የሚከፋው ሕጋቸው ነው። ታሪክ ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ አንድ ጊዜ ይነገራል እንጂ አይቆራረጥም ይላሉ። ሰው ካቋረጣቸው «በሉ፣ ከመሠረቱ» ብለው ወደ በቅሎዋ ይመለሳሉ። ልጅ ጥያቄ ጠየቀ፣ ከመሠረቱ። ጎረቤት «እንደምን አመሻችሁ» ብሎ ገባ፣ ሰላምታውን በወጉ ይመልሱና ከመሠረቱ። ማስነጠስ ይታለፋል፤ «ይማርሽ» ያለ ሰው ግን ታሪኩን አፍርሷል። ግንቡ ተጀምሮ ወገብ ድረስ ሲደርስ ከመካከላችን አንዱ አፉን ይከፍታል፣ ግንቡ ይናዳል፣ በቅሎዋ እንደገና ትገዛለች። ሰዓት እላፊ ስላለ ደግሞ እናቶቻችን በጊዜ ይጠሩናል። በዚህ ዓይነት የታሪኩን መጨረሻ የሰማ ልጅ በሠፈሩ አልነበረም።

አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ «አያ፣ ድር ሲበጠስብዎት እኮ እዚያው የተበጠሰበት ላይ ነው የሚቀጥሉት» አልኳቸው።

«ድር ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። አንቺ ግን ትለፈልፊያለሽ» አሉና ከመሠረቱ ጀመሩ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አለባቸው ቤታችን መጣ። ጓድ አለባቸው ከእናቴ ጋር ያደገ፣ ፊደልም የቆጠረው እዚያው እንግሊዝ ቤት ነው፤ አሁን ካኪ ለብሶ ሲመጣ እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ብድግ አለች። እሱ ግን ሳይቀመጥ ድምፁን ዝቅ አደረገና ነገሩን ነገራት። የውጭ አገር ሰዎች ንብረት የነበሩ ቤቶች እየተመዘገቡ ነው፤ የእኛም ቤት ለኮታ እህል መጋዘን ታስቧል።

«በሕዝብ ጉልበት የተሠራ ከሆነ ግን የሕዝብ ነው፣ ማንም አይነካው። ዓርብ ከጎንደር ካድሬ ይመጣል። የቤቱን ታሪክ ጽፋችሁ ስብሰባው ላይ ይነበብ። በአንድ ገጽ፣ ዝናሽ። በአንድ ገጽ» አለና ዓይኑን ጠቀሰ።

እሱ ሲወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አባቴ የተቀበረው በዚያ ቤት ግቢ ነው። የእናቴ እናትም፣ የአያ ደምሌ ሚስትም እዚያው ናቸው፤ በድሮ ዘመን ባለ እጅ ሞቶ ሌላ ቦታ ይቀበር ቢባል ጠብ ይነሣ ስለነበር የእኛ ሙታን ሁሉ የእንግሊዝ ቤት ሙታን ናቸው። ግቢው መጋዘን ከሆነ አጥር ይታጠራል፣ ጥበቃ ይቆማል። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ጽሕፈትሽ ያምራል። እሳቸው ይንገሩሽ፣ አንቺ ጻፊ» አለችኝ። ከፊቴ አራት ምሽት ነበረ። አራት ምሽት ለአንድ ገጽ ይበቃል ብዬ ማሰቤ እስካሁን ያስቀኛል።

የመጀመሪያው ምሽት በበቅሎዋ አለቀ። በሁለተኛው ምሽት ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «አያ፣ እባክዎ በቅሎዋን እንዝለላት» አልኳቸው።

«ዘለን የት እንድንደርስ?»

«ግንቡ ጋ።»

«ግንቡን ማን አመጣው? እሷ አይደለችም? ኧረ በይ አትቸኩይ፣ ልጄዋ።»

«ካድሬው እኮ በቅሎ አይፈልግም!»

«አቋረጥሽኝ። በይ፣ ከመሠረቱ።»

በሦስተኛው ምሽት የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ረግረጉ ደረቀ፤ ቀጥቃጮቹ እያንዳንዱን ምስማር በእጃቸው ሠሩ፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ሴቶች ለጭቃው ውኃ በእንስራ አመላለሱ፤ ግንቡ በመጀመሪያው ክረምት ተናደ፣ በበጋ እንደገና ቆመ። ይህ ሁሉ ለካድሬው የሚሆን ታሪክ ነው፤ ልቤ እየሞቀ ወረቀቴን ሞላሁት። ከዚያ አያ ደምሌ «ቆርቆሮውን ሙሴ ከኪሱ ገዛ» አሉ።

«ይኼንንማ አንጽፈውም!» ብዬ ጮኽኩ።

እጃቸውን ከፍሙ ላይ አነሡ። «ለምን?»

«እንግሊዙ ገዛው ካልን ቤቱ የእንግሊዝ ነው ይሉናላ!»

«እና ጣሪያ የሌለው ቤት ልትጽፊ ነው? ሰውየው ከዝናብ አስጠለለን፤ አሁን ስሙን ልንደብቀው? እኔ የሰው ውለታ አልበላም» አሉ። ድምፃቸው ተቆጥቶ ነበር። ከዚያ ግን ረጋ አሉና «በይ፣ ከመሠረቱ» አሉኝ። ወረቀቴን አንሥቼ ወጣሁ፤ ደኅና እደሩም አላልኩም።

በአራተኛው ቀን ለብቻዬ ጻፍኩት። «ይህ ቤት በቀድሞው ሥርዓት የተናቁት የቀበሌያችን ባለ እጆች በላባቸውና በጉልበታቸው የሠሩት ነው» ብዬ ጀመርኩ። ምስማሩን፣ ውኃውን፣ የተናደውንና እንደገና የቆመውን ግንብ በየተራ አሰፈርኩ። እናቴ አስነብባኝ ሁለት ጊዜ ዓይኗን ጠረገች። አንድ ገጽ ሆነ። አንድም ውሸት አልነበረበትም፤ ጣሪያም አልነበረበትም።

ስብሰባው የተደረገው ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ካድሬው ገና ወጣት ነበር፤ ብርዱ ስላልተስማማው እጁን በብብቱ ሥር ከቶ ይቀመጣል፣ ከሰዓት እላፊ በፊት ጎንደር ለመግባት በየጊዜው ሰዓቱን ያያል። ሁላችንም አግዳሚዎቹ ላይ ተጠጋግተን ነበር። ስሜ ሲጠራ መጽሐፍ ከሚዘረጋበት ከትልቁ የጣውላ አትሮኖስ አጠገብ ቆሜ ገጼን አነበብኩ። ካድሬው እየሰማ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ስጨርስም «ደህና ተደራጅቷል» አለ። ጓድ አለባቸው በረጅሙ ተነፈሰና፣ እንዲያው ለወጉ ያህል፣ «እንግዲህ የሚጨመር ከሌለ…» ብሎ ብድግ አለ።

«የሚጨመር አለ» አሉ አያ ደምሌ።

እናቴ ጋቢያቸውን ጨብጣ ነበር፤ ከነጋቢያቸው ተነሡ። «ልጅቱ የጻፈችው እውነት ነው፣ እግዜር ይስጣት። ግን ከመካከል ነው የጀመረችው» አሉና ዳማዋን በቅሎ ከሻጯ እጅ ተረከቡ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ በጣቶቼ መካከል አይ ነበር። በቅሎዋ ገና ጆሮዋ ሳይቀደድ ካድሬው «አባት፣ ስለ በቅሎ ማን ጠየቀ?» አላቸው።

«በሉ፣ ከመሠረቱ» አሉ።

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ጓድ አለባቸው ወደ ካድሬው ጎንበስ ብሎ «ካቋረጧቸው እዚሁ ማደራችን ነው» አለው። ካድሬው ሰዓቱን አየና እጁን ወደ ብብቱ መለሰ። አያ ደምሌ ሄዱ፤ ረግረጉን አደረቁ፣ ግንቡን አቆሙ፣ አፈረሱ፣ እንደገና አቆሙ። እኔ በልቤ ጣሪያው ጋ ሲደርሱ ሳል እንዲይዛቸው እጸልይ ነበር። አልያዛቸውም። «ቆርቆሮውን ሙሴ ከኪሱ ገዛ፤ እኛ ከጎንደር በትከሻችን አመጣነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ካድሬው ቀና አለ። «ገዛው?»

«ገዛው እንጂ! ታዲያ ጣሪያ ከየት ይመጣል? በሉ፣ ከመሠረቱ።»

«አያስፈልግም፣ ሰምቻለሁ» አለና ደብተሩን ዘጋ።

«አልጨረስኩም እኮ፣ ልጄ።»

«ጨርሰዋል፣ አባት» አላቸው፣ ከአግዳሚው እየተነሣ። በክፋትም አልነበረም፤ ሰውየው በርዶት ነበር።

በሳምንቱ ቁልፉ ተወሰደ። አግዳሚዎቹ ወደ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ሄዱ፣ ጆንያ ገባ፣ ትልቁ አትሮኖስ ከብዶ ስላስቸገራቸው ጥግ ተገፍቶ ቀረ። ግቢው በእሾህ ታጠረ፤ ሁለት ሚሊሻዎች በር ላይ ቆሙ። እናቴ የአባቴን ሙት ዓመት በአጥሩ ክፍተት አጮልቃ እያየች አሳለፈችው። አያ ደምሌ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው መወርወሪያቸውን ይወረውራሉ። ሰው ሊያጽናናቸው ሲመጣ «ገና ነው። ያ ልጅ ከጎንደር ሲመለስ እጨርስለታለሁ» ይላሉ። ይህን ስሰማ ጨርሼ አኮረፍኳቸው። እኔ አንድ ገጽ ሙሉ አስተካክዬ የጻፍኩትን ቤት በአንድ ቃል አስወስደው፣ ደግሞ ሊጨርሱ!

ኩርፊያዬ ሳምንታት ቆየ። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን እናቴ የፈተለችውን ማግ ይዤ እንድሄድ አዘዘችኝ። እንደደረስኩ ዝናቡ ወረደ፤ በረዶ የቀላቀለ፣ በር የማያስወጣ ዝናብ። እሳቱ ዳር ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥኩ። አያ ደምሌ ሥራቸውን አቆሙና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከጎንደር ተነሡ። እኔ አላቋረጥኳቸውም። ታግሼ አይደለም፤ ከሳቸው ጋር ላለመነጋገር ስለማልኩ ነው። በዚያ ዝናብ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ የሚገባ ጎረቤትም አልነበረም። በቅሎዋ ተኛች፣ ግንቡ ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ፤ ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው ወደማላውቀው ወደ ታሪኩ ማዶ ተሻገሩ።

ጣሊያን መጣ። እንግሊዝ ከአገር ይውጣ ተባለ። ሙሴ ሊሄድ ሲል ቤቱን የሠሩትን ሁሉ ሰበሰበ፤ ባላባቱንም ለምስክርነት አስጠራ። ጸሐፊ ተቀምጦ «ይህ ቤትና ግቢው የሠሩት ሰዎችና የልጆቻቸው ነው፤ እኔም ከእኔ በኋላ የሚመጣም በዚህ ቤት ድርሻ የለንም» ብሎ ጻፈ። ሙሴ ፈረመ፤ ሠሪዎቹ በየተራ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። የእናቴ እናት ከሥራ ላይ ተጠርታ ስለመጣች ጣቷ ላይ የሸክላ ጭቃ ነበረ፤ ቀለም ሳትነካ በጭቃው አተመች። ጣሊያን እንዳያገኘውም ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልለው ከትልቁ አትሮኖስ ሆድ ውስጥ ከተቱት፤ ቀጥቃጩ በራሱ ምስማር መታበት።

«ይኸው ነው። ታሪኩ አለቀ» አሉ።

መሐላዬን ረሳሁት። «ይህንን ለምን መጀመሪያ አልነገሩንም?»

ደከም ያለ ዓይናቸውን በመገረም ወደ እኔ አዞሩ። «መጨረሻ ነዋ፣ ልጄ። መጨረሻ እንዴት መጀመሪያ ይነገራል?»

«ለእናቴስ? ለእናቴ እንኳ!»

«እናትሽ ስታቋርጠኝ ነው ያደገችው።»

«ካድሬው በር ላይ ሲደርስ አንድ ቃል ቢጥሉ ምን ነበረበት? ወረቀት አለ፣ አትሮኖሱ ውስጥ ነው፣ በቃ!»

«አላስጨረሰኝማ» አሉ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ እንደሆነ ሰው።

ዝናቡ አባርቶ እንደሆነ አላስታውስም፤ ሮጥኩ። ሁለቱ ሚሊሻዎች ከቤቱ ታዛ ሥር በቆርቆሮ እሳት አንድደው እጃቸውን ይሞቁ ነበር። ውስጥ ያለውን አትሮኖስ ማየት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ታላቅየው ግራ ገባው። «የቱን? ያንን ትልቁን ጣውላ?» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እሱንማ በሐምሌ ብርድ ፈለጥነው፣ ሞቅነው። ደህና እንጨት ነበር፣ አልዋሽሽም።»

«ሆዱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አልነበረም?»

ሁለቱ ተያዩ። ታናሽየው ፊቱ በራ፤ የጠየቅኩትን ስላወቀልኝ ደስ ያለው ይመስላል። «አለ እንጂ! ለማቀጣጠያ የሆነን እሱ አይደል? ደረቅ ነበር።»

ከዚያ ወደ ጓድ አለባቸው ቤት ሄድኩ። ልብሴ እየተንጠባጠበ ሁሉንም ነገርኩት። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ቆቡን አወለቀ። «ወረቀት ቢኖር እኮ ራሴ ጎንደር ይዤው እሄድ ነበር» አለ። «በቃል ማን ያምነኛል? ምነው ያን ቀን በተናገሩ?»

«መጨረሻው ላይ ስለሆነ ነው» አልኩት።

ጓድ አለባቸው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አላወቅኩም፤ እሱም ያወቀ አልመሰለኝም።

ሊመሽ ሲል ተመለስኩ። ቁጣዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ በመንገድ ላይ የምላቸውን ስደረድር መጣሁ። አያ ደምሌ ፍሙን አሰባስበው፣ ለእግሬ የሚሆን ቦታ አስለቅቀው ይጠብቁኝ ነበር። «አየሻት ወረቀቲቱን?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁት፤ ታሪካቸውን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ጨርሰው የነገሩ ሰው ፊት ነበር።

«ጥበቃ ስላለ አልገባሁም» አልኳቸው።

«እሰይ» አሉ፣ መዳፋቸውን እያፋተጉ። «ዘበኛ ከቆመላት ማን ይነካታል?»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ለሌሎች ልጆችም ከበቅሎዋ ጀምረው ይናገሩ ነበር፤ እኔም በር አጠገብ ተቀምጬ ሰላም ባይ ጎረቤት ሲመጣ በእጄ ምልክት ከደጅ እመልሰው ነበር። ወረቀቱ መንደዱን አልነገርኳቸውም። የጎንደሩን ልጅ እንደጠበቁ ሞቱ፤ የተቀበሩትም ከግቢው ውጭ፣ ከእሾኹ አጥር ማዶ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ እናቴ ቤቱ ይመለስልን ልትል ሄዳ ማስረጃ አምጪ ተባለች። ወረቀቱ መንደዱን ለእሷ ነግሬያት ነበር፣ መዋሸትም አታውቅም፤ «ነበረን» ብላ ተመለሰች።

ዛሬም ይህን ሳስታውስ እናደዳለሁ። በአያ ደምሌ እናደዳለሁ፣ በበረደው ካድሬ እናደዳለሁ፣ ለእናቴ የጠቀሰው ዓይን ሸማኔውንም ዝም ያሰኛል ብሎ ባሰበው በጓድ አለባቸው እናደዳለሁ። በራሴ ላይ ብዙም አልናደድም፤ ልጅ ነበርኩ፣ ያቺን በቅሎ ደግሞ የጠላት ማንም ሰው ነው። ከሁሉ የሚያበግነኝ አያ ደምሌ ልክ መሆናቸው ነው፤ ታሪኩን ሳያቋርጥ የሰማ አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ ቤቱ ይተርፍ ነበር።

አሁን የምሠራው ፍርድ ቤት ውስጥ፣ በጸሐፊነት ነው። ባለጉዳይ ቀርቦ ስለ አንዲት የመሬት ድንበር ሲጠየቅ ከአያቱ ሠርግ ይጀምራል፤ ደሜ ይፈላል፣ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር መሬት ይመታል። ዳኛው «ወደ ፍሬ ነገሩ ግቡ» ሲሉ ግን እኔ ብዕሬን ከወረቀቱ አላነሣም፤ ሰውየው ቢሮዬ ድረስ ተከትሎኝ ቀሪውን ሊነግረኝ ሲፈልግም እስኪጨርስ እሰማዋለሁ። ባልደረቦቼ ትዕግሥተኛ ነሽ ይሉኛል። ትዕግሥት የሚባል ነገር የለኝም። ሰው ላቋርጥ አፌን ስከፍት ሁለት ሰዎች እሳት ሲሞቁ ይታየኛል።